የአጥንት ቀዶ ሐኪም ከመያዛችሁ በፊት፦ ፈቃድ፣ ሰርተፊኬትና ኢንሹራንስ ማጣራት በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ

«ብሉ ክሮስ ትቀበላላችሁ?»
«አዎ፣ እንቀበላለን።»

ብዙ ሰው የጉልበት ወይም የዳሌ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የሚይዘው ይህችን የስልክ ልውውጥ አምኖ ነው። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን የሚያረጋግጠው ነገር የለም። በዲሲ አካባቢ ያለው ኬርፈርስት ብሉክሮስ ብሉሺልድ ብቻውን ብሉቾይስ የሚባል ኤችኤምኦ እና ብሉፕሪፈርድ የሚባል ፒፒኦ አለው (የፕላን ዓይነቶች ናቸው፣ ልዩነታቸው ከታች አለ)፤ አንዱን የሚይዝ ክሊኒክ ሌላውን ላይይዝ ይችላል። «እንቀበላለን» ማለት ደግሞ «ቢሉን እንልክላቸዋለን» ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት በእናንተ ፕላን ኢን-ኔትወርክ፣ ማለትም ከፕላናችሁ ጋር ውል ያላቸው መሆናቸው ነው። በዚያ ላይ ቀዶ ሕክምና የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሐኪሙ፣ ሆስፒታሉና የማደንዘዣ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የየራሳቸውን ቢል ይልካሉ። ስለዚህ ሐኪሙን፣ ቦታውንና ፕላኑን ለየብቻ ማጣራት ግድ ነው፤ ሦስቱንም ቀን ከመቆረጡ በፊት።

የትኛው የአጥንት ሐኪም?

በአሜሪካ አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ 5 ዓመት ሬዚደንሲ (በሆስፒታል የሚደረግ የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ይሠራል። ከዚያም አብዛኞቹ በአንድ ጠባብ ዘርፍ የሚሠለጥኑበት አንድ ዓመት ፌሎሺፕ ይጨምራሉ። ለእናንተ የሚጠቅመው መረጃ ይቺ የመጨረሻዋ ዓመት ናት፤ ሐኪሙ በምን ላይ እጁን እንዳፍታታ የምትነግራችሁ እሷ ናት። የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ አልቆ የሚቀየር ከሆነ «ጆይንት ሪፕሌስመንት» ወይም «አደልት ሪኮንስትራክሽን» ፌሎሺፕ ያለውን ፈልጉ። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት፣ የተቀደደ ሜኒስከስ (ጉልበት ውስጥ ያለ ትራስ መሰል ልስልስ አጥንት) ወይም የትከሻ ጅማት ከሆነ «ስፖርትስ ሜዲስን»። ቀደም ሲል የተቀየረ መገጣጠሚያ እንደገና ካመመ ወይም ከላላ «ሪቪዥን» የሚሠራውን ለይታችሁ ጠይቁ፤ መጀመሪያ ከመቀየር ይልቅ የተቀየረውን አውጥቶ መተካት በጣም ይከብዳልና ሁሉም ሐኪም አይገባበትም። አከርካሪን የአጥንት ሐኪምም የነርቭ ቀዶ ሐኪምም ይሠራዋል። ለእግርና ለቁርጭምጭሚት ፖዳያትሪስት የሚባሉም አሉ፤ ባለሙያዎች ናቸው፣ ግን ትምህርታቸውም ሰርተፊኬት ሰጪያቸውም ከአጥንት ቀዶ ሐኪም የተለየ ነው። ከስማቸው ቀጥሎ የሚጻፈው የሕክምና ዲግሪ ኤምዲ ነው ወይስ ዲኦ የሚለው አያሳስባችሁ፤ ሁለቱም ሙሉ ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች ናቸው።

ሐኪም መምረጫ ጊዜ የሌለበትም ሁኔታ አለ። የተሰበረ አጥንት፣ ትኩሳት ይዞ የሚያብጥና የሚግል መገጣጠሚያ፣ ከወገብ ሕመም ጋር ድንገት ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ወይም በሁለቱ ጭኖች መካከል መደንዘዝ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው። ኢንሹራንሱን በኋላ ትደርሱበታላችሁ፤ ሕጉም ለድንገተኛ ሕክምና ይከላከልላችኋል።

ወጌሻ ያሸው ወይም ያሰረው ከሆነ ደግሞ መቼና እንዴት እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ያሳፍራል ወይም ሐኪሙ ይቆጣል ብሎ መደበቅ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ያልታየ ስብራት ታሽቶ ቦታውን ከለቀቀ የሕክምናው ዕቅድ ይለወጣል።

ስም ማሰባሰብ

ሦስት ስም ይበቃል። በማኅበር ወይም በለቅሶ ቤት «እኔን የሠራኝ ሰው ጎበዝ ነው» የተባለ ስም ጥሩ መነሻ ነው፤ ሆኖም የሠራው ትከሻ ሆኖ የእናንተ ዳሌ ከሆነ ብዙም አይረዳም። ከቤተሰብ ሐኪም ይልቅ እንኳ ልትጠይቁት የሚገባው ሰው የፊዚካል ቴራፒ ባለሙያው ነው። ከየሐኪሙ እጅ የወጣ ጉልበት በየሳምንቱ ያያል፤ የማን ታካሚ ቶሎ እንደሚታጠፍ፣ የማን ቁስል እንደሚያስቸግር ያውቃል። «እናትህ ብትሆን ወዴት ትልካታለህ?» በሉት። በኢንተርኔት ላይ ያለውን ኮከብ ግን ብዙ አትመኑት፤ አብዛኛው ስለ ፓርኪንግና ስለ ወረፋ ነው የሚያወራው።

ፈቃዱንና ሰርተፊኬቱን ማጣራት

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈቃድ በሕግ ሐኪም ሆኖ የመሥራት መብት ነው፤ ሰርተፊኬት በአጥንት ቀዶ ሕክምና ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል። ፈቃድ ያለው ሁሉ ሰርተፊኬት የለውም።

ፈቃድ የሚሰጠው ግዛቱ ነው፦ በሜሪላንድ ቦርድ ኦፍ ፊዚሺያንስ፣ በቨርጂኒያ ቦርድ ኦፍ ሜዲስን፣ በዲሲም የራሱ ቦርድ ኦፍ ሜዲስን። ክሊኒኩ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሆኖ ቀዶው የሚደረገው ዲሲ ባለ ሆስፒታል ከሆነ ሐኪሙ በሁለቱም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በየቦርዱ ድረ ገጽ ስሙን ስታስገቡ «አክቲቭ» ማለቱን፣ የሚያበቃበትን ቀንና የዲሲፕሊን ርምጃ ተወስዶበት እንደሆነ እዩ። ርምጃ ካለ ሰነዱን ከፍታችሁ አንብቡት። የትምህርት ሰዓት ባለማሟላት የተቀጣ ሐኪምና በቀዶ ሕክምና ስህተት ወይም በመጠጥ የተቀጣ ሐኪም በአንድ ዓይን አይታዩም። የቨርጂኒያው ገጽ በሕክምና ስህተት የተከፈለ ካሣንም ያሳያል። አንድ ካሣ ብቻውን አያስደንግጥ፤ አጥንት ሐኪም ብዙ ከሚከሰሱት ሙያተኞች አንዱ ነው። ተመሳሳይ ነገር ሲደጋገም ግን ስሙን ሰርዙ። በሌላ ግዛት ሠርቶ የመጣ ከሆነ ዶክኢንፎ ዶት ኦርግ የሁሉንም ግዛቶች ፈቃድና የቦርድ ርምጃ በአንድ ቦታ ያሳያል።

ሰርተፊኬቱን በዋናነት የሚሰጠው በ1934 የተቋቋመው የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ቦርድ ነው፤ ባጭሩ ኤቢኦኤስ ይባላል። ዲኦ የሆኑትን የሚፈትን ኤኦቢኦኤስ የሚባል አቻ ቦርድም አለ። ኤቢኦኤስን በራሱ ድረ ገጽ ወይም ሰርቲፊኬሽንማተርስ ዶት ኦርግ ላይ በነፃ ታያላችሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ወይም በማስታወቂያ የተጻፈ «ቦርድ ሰርቲፋይድ» አይበቃም፤ የየትኛው ቦርድ እንደሆነ የማይናገር ብዙ አለ። «ቦርድ ኤሊጂብል» የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ወድቋል ማለት አይደለም። ፈተናው ሁለት ደረጃ አለው፦ የጽሑፉ ከሬዚደንሲ በኋላ ይሰጣል፤ ሁለተኛው የሚመጣው ሐኪሙ ራሱን ችሎ ከሠራ በኋላ ሲሆን የሠራቸውን ቀዶ ሕክምናዎች አቅርቦ በመርማሪዎች ፊት ይጠየቅባቸዋል። ስለዚህ በሥራ ገና ሁለት ዓመት የሆነው ወጣት ሐኪም «ኤሊጂብል» ቢባል የተለመደ ነው፤ አሥር ዓመት የሠራ ሰው ከተባለ ግን ምክንያቱን ጠይቁ።

ሰርተፊኬት ዝቅተኛውን መስፈርት ማለፉን ነው የሚነግራችሁ። ከሱ ይልቅ የሚመዝነው ሐኪሙ የእናንተኑ ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል የሚለው ነው። ብዙ የሚሠራ ሐኪም፣ ብዙ በሚሠራበት ሆስፒታል፣ ችግሩ ያንሳል፤ ቡድኑ ሁሉ ለምዶታልና። በዓመት ከ50 በላይ ጉልበት የሚቀይር ሰው ማግኘት በዋሽንግተን አካባቢ አስቸጋሪ አይደለም። በወር አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ ሌላውን ስም እዩ።

አንድ ጥግ ላይ የምትቀር ነገርም አለች። ኦፕን ፔይመንትስ በሚባለው የፌዴራል ገጽ ላይ የሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አምራቾች ለሐኪሙ የከፈሉት ገንዘብ ይታያል። ክፍያ መቀበል ወንጀል አይደለም፤ አንዳንዶቹ መሣሪያውን በመንደፍ ተሳትፈዋል። ትልቅ ገንዘብ ካያችሁ ግን «ይህን ዓይነት ለምን መረጥክልኝ?» ለማለት ምክንያት አላችሁ።

ኢንሹራንሱ

የኢንሹራንስ ካርዱን አውጡና የኩባንያውን ሳይሆን የፕላኑን ስም ፈልጉ። ኤችኤምኦ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ሐኪም ሪፈራል ያስፈልጋል፣ ከኔትወርክ ውጭም አይከፍልም። ኢፒኦ ሪፈራል ባይጠይቅም ከኔትወርክ ውጭ አይከፍልም። ፒፒኦ ውጭም ይከፍላል፤ ድርሻችሁ ግን ይበዛል። ካይዘር የያዘ ሰው በመሠረቱ የሚታየው በካይዘር በራሱ ሐኪሞች ነው፤ ውጭ የሚልኩት እነሱው ፈቅደው ነው። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) የየግዛቱ ስለሆነ የቨርጂኒያ ሜዲኬይድ ያለው ሰው ከድንገተኛ በቀር ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐኪም ጋ ሄዶ ይከፈልልኛል ብሎ ማሰብ የለበትም።

ቀጥሎ ከክሊኒኩ አራት ነገር ተቀበሉ፦ የሐኪሙን አሥር አኃዝ ያለው ኤንፒአይ (የሐኪም መለያ) ቁጥር፣ የክሊኒኩን ታክስ አይዲ (የግብር መለያ ቁጥር)፣ የምትታዩበትን አድራሻ፣ ቀዶው የሚደረግበትን ሆስፒታል ወይም ሰርጀሪ ሴንተር ስም። ታክስ አይዲው ለምን? የኢንሹራንስ ውሉ የሚያያዘው ከሱ ጋር ስለሆነ ነው። አንድ ሐኪም በሁለት ድርጅት ስም ሲሠራ በፌርፋክሱ ቢሮ ኢን-ኔትወርክ፣ በሮክቪሉ አውት-ኦፍ-ኔትወርክ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ቀዶው በቢል ላይ የሚጻፍበትን ኮድም አትርሱ፤ ሙሉ ጉልበት መቀየር 27447፣ ሙሉ ዳሌ መቀየር 27130፣ የተቀደደ ሜኒስከስን በካሜራ ቆርጦ ማውጣት 29881 ነው። አሁን በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉ። እንግሊዝኛው ከከበደ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኟችኋል። ጥያቄው እንዲህ ይሁን (ቅድመ ፈቃድ ኢንሹራንሱ ከቀዶው በፊት የሚሰጠው ይሁንታ ነው፤ ዲዳክቲብል ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ነው)፦

«ፕላኔ ይህ ነው። በዚህ ኤንፒአይና በዚህ ታክስ አይዲ፣ በዚህ አድራሻ ያለው ዶክተር በእኔ ፕላን ኢን-ኔትወርክ ነው? ሆስፒታሉስ? ለ27447 ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል? ከዲዳክቲብሌ ስንት ይቀረኛል? ከዚያ በኋላ ድርሻዬ ስንት በመቶ ነው? በዓመት ከኪሴ የማወጣው ጣሪያስ?»

የአነጋጋሪያችሁን ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን መለያ ቁጥር ጻፉ። የኢንሹራንሱን የሐኪሞች ዝርዝር ከነቀኑ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ዝርዝሩ ስህተት ሆኖ ሐኪሙ ከኔትወርክ ውጭ ቢገኝ፣ ከጥር 2022 ጀምሮ በሚሠራው ኖ ሰርፕራይዝስ አክት በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት የኢን-ኔትወርክ ድርሻችሁን ብቻ ነው የምትከፍሉት። ፎቶው ማስረጃችሁ ነው።

ይኸው ሕግ ሆስፒታሉ ኢን-ኔትወርክ ሆኖ የማደንዘዣ ሐኪሙ፣ ረዳት ቀዶ ሐኪሙ ወይም ራጅ የሚያነበው ሐኪም ውጭ ቢሆን ተጨማሪ እንዳያስከፍሉ ይከለክላል። ዋናው ቀዶ ሐኪም ግን መብታችሁን የሚያስለቅቅ ወረቀት ሊያስፈርማችሁ ይችላል። ከሌሎች ወረቀቶች መሐል «ከኔትወርክ ውጭ መሆኑን አውቄ ተስማምቻለሁ» የሚል ካያችሁ ብዕሩን አስቀምጡ። በምድር የሚሄድ አምቡላንስን ይህ ሕግ አይነካም።

ሌላ የሚያስደነግጥ ቢል የሚመጣው ክሊኒኩ የሆስፒታል ንብረት ሲሆን ነው። ለሐኪሙ አንድ፣ «ፋሲሊቲ ፊ» ለሚሉት ሌላ ክፍያ ይመጣል። ለቀጠሮ ስትደውሉ «እንደ ሆስፒታል አውትፔሽንት ነው የምታስከፍሉት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቅድመ ፈቃዱን የሚያስወጣው የሐኪሙ ቢሮ ነው፣ የምትከታተሉት ግን እናንተ ናችሁ። የፈቃዱን ቁጥር፣ ኮዱን፣ ቦታውንና የሚያበቃበትን ቀን ጠይቁ። ቀዶው ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ከተዛወረ ወይም ቀኑ ካለፈ ፈቃዱ መታደስ አለበት። ብዙ የሚከለከለው «ሌላ ሕክምና አልተሞከረም» ተብሎ ነው፤ ስድስት ሳምንት ያህል የፊዚካል ቴራፒ፣ መድኃኒት ወይም መርፌ መሞከሩን በፋይል ማየት ይፈልጋሉ። ቤት ውስጥ የሠራችሁት እንቅስቃሴም ቢሆን ሐኪሙ እንዲጽፈው አድርጉ፤ ያልተጻፈ እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው። ዲዳክቲብሉ ከጥር 1 እንደገና የሚጀምር ከሆነ ደግሞ በታኅሣሥ መጨረሻ የተቀየረ ጉልበት ፊዚካል ቴራፒው አዲስ ዲዳክቲብል ላይ ይወድቃል።

እናት አባት ሲሆኑ

ለጉብኝት የመጣች እናት ጉልበቷ ሲብስባት ልጆች መጀመሪያ የሚያስቡት የጎብኚ ኢንሹራንስ መግዛትን ነው። ለዓመታት ያለቀ ጉልበት ግን «ከመግዛታችሁ በፊት የነበረ ሕመም» ተብሎ ከሽፋኑ ውጭ ይሆናል። ውድቀትን ወይም ስብራትን ይሸፍን ይሆናል፤ መገጣጠሚያ መቀየርን አይሸፍንም።

በልጅ በኩል ግሪን ካርድ ያገኘ ወላጅ ለሜዲኬይድ ብዙውን ጊዜ 5 ዓመት ይጠብቃል፤ የማርኬትፕሌስ (የመንግሥት የኢንሹራንስ መገበያያ) ኢንሹራንስ ለመግዛት ግን መጠበቅ የለበትም። 65 ዓመት የሞላውና አሜሪካ ውስጥ 5 ዓመት በተከታታይ የኖረ ደግሞ፣ ሠርቶ ባያውቅም፣ ሜዲኬርን (የአረጋውያን የፌዴራል ኢንሹራንስ) ወርሃዊ ክፍያ እየከፈለ መግዛት ይችላል።

ሜዲኬር ላለው ሰው ጥያቄው ሌላ ነው። ኦሪጅናል ሜዲኬር ኔትወርክ የለውም፤ ሐኪሙን «አሳይንመንት ትቀበላለህ?» ነው የምትሉት፤ ሜዲኬር ያጸደቀውን ዋጋ ብቻ ትቀበላለህ ወይ ማለት ነው። ካልተቀበለ ሜዲኬር ካጸደቀው እስከ 15 በመቶ ጨምሮ ሊያስከፍል ይችላል። የሐኪም ክፍያን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል፣ ፓርት ቢ፣ 80 በመቶውን ሲከፍል ቀሪው 20 በመቶ ጣሪያ የለውም፣ ስለዚህ ይህን ቀሪ የሚሸፍን ሜዲጋፕ የሚባል ተጨማሪ ኢንሹራንስ መኖሩን እዩ። በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ከሆነ ኔትወርክም ቅድመ ፈቃድም አለው፤ ከላይ ያለው ሁሉ ይመለከተዋል።

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት አንድ ነጥብ አለ። ጉልበት መቀየር ከ2018፣ ዳሌ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በሜዲኬር ተኝቶ ሳይታከምም ሊሠራ ይችላል። ታማሚዋ አልጋ ላይ ሁለት ሌሊት አድራ በወረቀት «አውትፔሽንት» ወይም «ኦብዘርቬሽን» ልትባል ትችላለች። ኦሪጅናል ሜዲኬር ደግሞ ከሆስፒታል ወጥቶ በማገገሚያ ተቋም ለመቆየት የሚከፍለው ብዙ ጊዜ በ«ኢንፔሽንት» (ተኝታ ታካሚ ተብላ) ቢያንስ 3 ቀን ከቆየች ብቻ ነው። ቤቱ ደረጃ ካለውና ቀን የሚጠብቃት ሰው ከሌለ ይህን ከቀዶው በፊት ተነጋገሩበት፤ በመውጫዋ ቀን ቢነሳ የሚለወጥ ነገር የለም።

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ የጤና ኢንሹራንሱን አታውጡ፤ የሚከፍለው ዎርከርስ ኮምፕ፣ ማለትም የአሠሪው የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ ነው። በቨርጂኒያ አሠሪው ከሚያቀርበው ቢያንስ ሦስት ሐኪሞች ካሉት ዝርዝር ትመርጣላችሁ፤ በሜሪላንድ ሐኪሙን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

ቀጠሮው ላይ

ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ አስመዝግቡ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም እንዲያስተረጉም ማድረግ ከድንገተኛ በቀር በሕግም አይፈቀድም። የሚያያችሁ ሐኪሙ ራሱ ነው ወይስ ፊዚሺያን አሲስታንት (የሐኪም ረዳት)? ይህንንም ጠይቁ።

የራጅና የኤምአርአይ ምስሉን በሲዲ ውሰዱ፤ ሪፖርቱ ብቻውን አይበቃም። ለጉልበት ዋናው ራጅ ቆማችሁ የተነሳችሁት ነው፤ ተኝታችሁ የተነሳችሁት ክፍተቱ መጥበቡን ይደብቃል። ላለቀ ጉልበት ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ራጁ ይበቃል።

ለሐኪሙ የምታቀርቡት፦ ይህን ቀዶ በዓመት ስንት ትሠራለህ? ከታካሚዎችህ ስንቱ ኢንፌክሽን ያገኛቸዋል? ቀዶውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትሠራው አንተ ነህ ወይስ ሬዚደንት (በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) አለ? ቀዶው ባይሠራልኝ ምን ይሆናል? ቅዳሜ ሌሊት ችግር ቢፈጠር ስልኩን ማን ያነሳል? የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ቀን ተቆርጦ የሚሰረዝባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። የስኳር ታማሚ ከሆናችሁ ኤዋንሲ (የሦስት ወር አማካይ የስኳር መለኪያ) ከ7.5 ወይም ከ8 በላይ ሲሆን ብዙ ሐኪሞች አይሠሩም፤ ቁስሉ አይድንም፣ ኢንፌክሽን ይከተላል። ቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር መለኪያ) ከ40 በላይ መሆን፣ ሲጋራ፣ የተበላሸ ጥርስም እንዲሁ ያሰርዛሉ። ጉልበት ላይ የሚወጋ ስቴሮይድ መርፌ ከተወጋችሁ ቀዶው ብዙ ጊዜ 3 ወር ይጠብቃል፤ በሚቀጥለው ወር ልሠራ ብላችሁ ዛሬ አትወጉ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ግን በራሳችሁ አታቁሙት፣ ያዘዘው ሐኪም ቀኑን ይወስን።

ሲከለከልና ቢሉ ሲመጣ

ፈቃድ ከተከለከለ ፈጣኑ መንገድ «ፒር-ቱ-ፒር» ነው፤ ሐኪማችሁ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ ይነጋገራል። ይህን ዕድል የሚሰጡት ለጥቂት ቀን ነውና ደብዳቤው በደረሰበት ቀን ለቢሮው ደውሉ። ካልሆነ ይግባኝ ለማቅረብ 180 ቀን አላችሁ፤ እሱም ካልተሳካ በገለልተኛ አካል እንዲታይ ለመጠየቅ 4 ወር።

ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የወጪ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው፤ ሲጠይቅ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጠው ይገባል። አንድ አቅራቢ ከግምቱ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ አስበልጦ ቢያስከፍል ቢሉ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይቻላል። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል የገንዘብ ድጋፍ ፖሊሲ የማውጣት ግዴታ አለበት፤ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከቻ ይቀበላል። በፖሊሲው የሚሸፈኑት ሐኪሞች ዝርዝር ውስጥ የእናንተ ሰርጅን መኖሩን ግን እዩ፤ ሆስፒታሉ ምሮ ሐኪሙ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። ያልገባችሁ ቢል ሲመጣ የኖ ሰርፕራይዝስ መረጃ መስመር 1-800-985-3059 ነው።

መገጣጠሚያ ከተቀየረ በኋላ ባሉት 90 ቀናት የሚደረጉ መደበኛ የክትትል ጉብኝቶች በሜዲኬርና በአብዛኛው ኢንሹራንስ በቀዶው ክፍያ ውስጥ የተካተቱ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ስፌት ለማየት ሄዳችሁ የጉብኝት ቢል ከመጣ ሳትከፍሉ ወደ ቢሊንግ ክፍሉ ደውላችሁ «ግሎባል ፒሪየድ ውስጥ ነኝ» በሉ፤ የዚህ 90 ቀን መጠሪያ ነው። ራጅና ፊዚካል ቴራፒ ግን ለብቻቸው ይከፈላሉ።